ቆመው የኖሩት አናጢ የሕይወት ታሪክ

አጎታችን ከአናጢው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1943 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው «ይህ ልጅ ዳዴ ሳይል ነው የቆመው» ይሉ ነበር። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሱ ሙያ ትምህርት ቤት ገብተው ሁለት ዓመት ተማሩ፤ በ1964 ዓ.ም. ከታናሽ ወንድማቸው ጋር የእንጨት ሥራ ቤት ከፈቱ። በ1968 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ1975 ዓ.ም. ሥራ አጣድፏቸው የመጋዝ ማሽኑን መሸፈኛ አነሡና ወንድማቸው ጣውላውን እንዲይዙላቸው አዘዙ። የወንድማቸው ሁለት ጣቶች ተቆረጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ አጎታችን መቀመጥ ተዉ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምሳቸውን እንኳ ከመሥሪያ ጠረጴዛቸው አጠገብ ቆመው ነበር የሚበሉት። ለሰፈሩ ሁሉ ወንበር የሠሩት ሰው «አይቀመጤ» የሚል ቅጽል ስም ወጣላቸው። ባለቤታቸው «እኔ ያገባሁት ባል ነው ወይስ ምሰሶ?» እያሉ ቢቀልዱም፣ ነገሩ ያሳዝናቸው ነበር።

በየዓመቱ አደጋው በደረሰበት ቀን አጎታችን በወንድማቸው ደጃፍ ላይ ቆመው ይቅርታ ይጠይቃሉ። «ኧረ ጋሼ፣ ይቅር ካልኩህ ስንት ዘመኔ! ግባና ተቀመጥ» ይሏቸዋል ወንድማቸው። እሳቸው ግን ከደጅ ይመለሳሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ አለፈ።

በ2006 ዓ.ም. ሰንበት ትምህርት ቤቱ የመገናኛውን ድንኳን አነስተኛ አምሳያ እንዲሠሩ ጠየቃቸው። አስተማሪዋ ዕቃዎቹን ከመጽሐፍ ቅዱስ ሲያነቡላቸው አጎታችን ገበታውን፣ መቅረዙን፣ የዕጣን መሠዊያውን፣ ታቦቱን ጻፉና «ወንበሩስ?» አሉ። አስተማሪዋም ወንበር እንዳልነበረ ነገሯቸው። ካህናቱ ዕለት ዕለት ቆመው ያገለግላሉ፤ ሊቀ ካህናቱ ስለ ራሱና ስለ ሕዝቡ ኃጢአት ደም ይዞ በዓመት አንድ ቀን ወደ ቅድስተ ቅዱሳን ይገባል፤ በዓመቱ ደግሞ ያንኑ ይደግማል፤ ሥራው አያልቅምና። ክርስቶስ ግን ራሱን አንድ ጊዜ አቅርቦ በእግዚአብሔር ቀኝ ተቀመጠ ተብሎ ተጽፏል። አጎታችን እርሳሱን ከጆሯቸው ላይ አወረዱ፣ መልሰው ሰኩ፣ ደግሞ አወረዱ። «አንዴ ብቻ?» አሉ። ሳምንቱን ሙሉ ሲንቆራጠጡ ሰነበቱ።

በዚያ ዓመት ቀኑ ሲደርስ አልሄዱም። ወንድማቸው «ምን አገኘው?» እያሉ በሩን ሲያዩ ዋሉ። በማግስቱ አጎታችን መጡ፤ ደጃፉን አልፈው ገቡ፤ ወንበር ስበው ተቀመጡና «ምሳ ምን አላችሁ?» አሉ። ስለ ይቅርታ አንድም ቃል አልወጣቸውም። ወንድማቸው በስምንት ጣታቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። እርግጥ ነው ዐመል አይለቅምና፣ ምሳው እስኪቀርብ አጎታችን ሁለት ጊዜ ተነሥተው የሚጮኸውን የበር ማጠፊያ አበጅተዋል።

ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ስለ መተኛትም ከሐኪሞቻቸው ጋር ብዙ ተከራክረው፣ ወንድማቸው እጃቸውን እንደያዟቸው መጋቢት 11 ቀን 2015 ዓ.ም. በ72 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተውልን ሄደዋል።

አንድ ጊዜ ገብቶ ሁሉን የፈጸመው ሊቀ ካህናት ነፍሳቸውን ይቀበልልን፤ በአጠገቡም ቦታ ይስጣቸው፤ ተቀምጠው ይረፉ።