ሳይበራ ስለተመሰከረለት መጫወቻ

ለተከበራችሁ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ደረጃ መዳቢ ኮሚቴ አባላት፣
ባላችሁበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡር ጤንነታችሁ የሚገባውን ሰላምታ አቀርባለሁ። ወገባችሁ እንዴት ነው? ይህን ሁሉ ዕቃ ከወንበር ሳይነሡ መመርመር ወገብ እንደሚጎዳ እኔ ልብስ ሰፊው አውቀዋለሁና የምጠይቀው ከልቤ ነው።

ታላቅ እህቴ በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት አራት አራት ሰዓት ትቀመጣለች። ግራ ክንዷ ላይ መርፌ ስለሚሰካ ነጻ የሚሆነው ቀኝ እጇ ብቻ ነው። ክሊኒክ ስትሆን በእጇ ይዛ፣ ቤት ስትመለስ ደግሞ ከእኔ ጋር በቴሌቪዥን እንድትጫወት ብዬ፣ እናንተ «እውነተኛ ሁለት በአንድ ኮንሶል» ብላችሁ የመሰከራችሁለትን የጌም መጫወቻ ገዛሁላት። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብን። ልመልሰው ብል ባለሱቁ ምስክር ወረቀታችሁን አሳይቶ ሸኘኝ፤ ለእናንተ አቤት ብል አጸናችሁት። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ጥንቃቄያችሁ። ዋስትናው እንዳይበላሽ በሚል የካርቶኑን ማሸጊያ ሳትቀዱ መመርመራችሁን ከቃለ ጉባኤያችሁ አንብቤያለሁ። በእኛ ሙያ ደንበኛውን ሳይለካ ሱፍ የሚቆርጥ አይጠፋም፤ ጨርቁን ከነጥቅሉ አይቶ «ልክህ ነው» የሚል ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም ነበር።

2ኛ. የቴሌቪዥን ገመድ ስላለው ብቻ ሁለት በአንድ ነው ስላላችሁ። ገመዱ ሲሰካ ጨዋታው ተቋርጦ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል፣ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ባትሪውም እየደከመ ይሄዳል። ገመድማ ካውያዬም አለው፤ በዚህ አያያዛችሁ እሱም ለኮንሶልነት ሳይታጭ አይቀርም።

3ኛ. በግራና በቀኝ ያሉት የመጫወቻ እጀታዎች ከስክሪኑ አይላቀቁም። በእኔ በመሃይሙ ግምት እውነተኛ ሁለት በአንድ የሚባለው ስክሪኑን ጠረጴዛ ላይ አቁሞ አንዱን እጀታ በአንድ እጅ ይዞ የሚጫወቱበት፣ ቤት ሲገቡ ቴሌቪዥኑ ላይ ካቆሙበት የሚቀጥሉበት፣ ሁለተኛውን እጀታ ደግሞ ለወንድም የሚሰጡበት ነው። እህቴ ጭኗ ላይ አድርጋ በአንድ እጇ ስትታገል ሁለት ጊዜ ወደቀባት። በሦስተኛው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ጣሪያ ጣሪያ ማየት ጀመረች። እዚህ ላይ መቀለድ አልቻልሁም፤ ተናድጃለሁ።

4ኛ. በመልሳችሁ «ተጠቃሚዋ ሁለቱንም እጃቸውን ቢጠቀሙ ይመከራል» ስላላችሁ። ምክሩን ሳላዛባ አድርሻለሁ፤ መርፌውን ለማን እንደምታስይዝ ጠይቃለች።

ባለሱቁ ዕቃ የሚቀይርበት ጊዜ ሊያበቃ ስምንት ቀን ቀርቶታል። ሥራ እንደሚበዛባችሁ ባውቅም፣ በእነዚህ ቀናት ውስጥ አንዲት ካርቶን ከፍታችሁ፣ ዕቃውን አብርታችሁ፣ ምስክር ወረቀቱን እንድትሰርዙ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ማብሪያው በስተቀኝ ከላይ ነው፤ ብዙ አያደክምም።

እውቀታችሁን ከሩቅ የማደንቅ፣ ቀርቤ ለማየት ግን ያልታደልሁ፣
ታዛዣችሁ ልብስ ሰፊው፣ የታማሚዋ ታናሽ ወንድም

ማስታወሻ፦ እህቴ ከእናንተ መካከል ደፋር ካለ «እኔ በአንድ እጄ፣ እሱ በሁለት እጁ እንጋጠም» ብላለች። ብትሸነፍም አይከፋትም፤ የከፋት ሳትጫወቱ ማሸነፋችሁ ነው።