ለግድግዳ የተባለው ጣባ

ዓርብ፣ ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ወልቂጤ

ነገ በፈቃድ ደብረ ማርቆስ ስለምሄድ ለእናቴ የጉራጌ ዕቃ ልገዛ ቡታጅራ ገበያ ደርሼ መጣሁ። የቀንድ ማንኪያ ቶሎ አገኘሁ። ቀጥሎ ጣባ መረጥኩ፣ ክትፎ የሚቀርብበትን የሸክላ ሳህን።

ሻጯ የመስቃን ሴት ናት። "ምን ልትበላበት ነው፣ ወንድሜ?" አለችኝ። ዕለቱ ጾም ነው፤ ማተቤም ይታያል። ክትፎ ማለት አፈርኩና "ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነው" አልኳት።

ጣባውን ከእጄ ተቀብላ መለሰችውና ከኋላዋ ሌላ አወጣች። "እንግዲያ ይሄን ውሰድ። ታቹ ትንሽ ተሰንጥቋል እንጂ ለግድግዳ ምን ይለዋል! ደህናውን ለሚበላበት ልተወው።"

ዋሸሁሽ ማለት ከበደኝ። ይዤው መጣሁ።

ስንጥቁ ከፊት አይታይም። በፎጣ ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ ከትቼዋለሁ። እናቴ ግን ገና ስታየው ልታሟሸው ነው የምትነሳው። ከዚያ ጎረቤት ጠርታ "ልጄ ያመጣልኝ" እያለች ቅቤ ታፈስበታለች። ቀድሜ "እማዬ፣ ይሄ ለግድግዳ ነው" ልበላት ይሆን?

የእናቴ ቤት ግድግዳ ጭቃ ነው። ሚስማር አይዝም።