ለድምፅ ማጉያዎ የአንድ ከሰዓት ዕረፍት ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለራስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ በተለይም ለሳንባዎ ጤና እመኛለሁ። ለሳንባዎ እንኳ ብዙም አልሰጋም፤ ጠዋት ማታ ከመስኮትዎ ላይ ሆነው በድምፅ ማጉያ ማስታወቂያ ሲያሰሙ ፍጹም ጤነኛ እንደሆነ ከአራተኛ ፎቅ አረጋግጣለሁ። እኔ ከእርስዎ በታች ያለሁት ነኝ፤ በቤትም በማዕረግም።

ይህን ደብዳቤ በመግቢያው ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት፣ እርስዎም የእኔን ማስጠንቀቂያ እዚያው ስለለጠፉልኝ፣ ብድር በምድር ይሁን ብዬ ነው። ማስጠንቀቂያው «ባልተፈቀደ የድምፅ ጣቢያ የነዋሪውን ፀጥታ አውከሻል» ይላል። ጣቢያ ብለው ያከበሩልኝ የመኝታ ቤቴን ቁም ሣጥን ነው። ስለ ሰዎች ሥራ የማዘጋጃት፣ በኢንተርኔት የምትደመጥ አንዲት ፖድካስት አለችኝ፤ አድማጮቿ አክስቶቼና ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው። ካፖርቶቹን ግራና ቀኝ ገፍቼ፣ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ጋርጄ፣ የባለቤቴ ወንድም ያዋሰኝን ማይክሮፎን በጫማ ካርቶን ላይ አቁሜ እቀዳለሁ፤ የተቀዳውን ደግሞ ማንም ከኢንተርኔት በነፃ በሚያወርደው ፕሮግራም አርማለሁ። ድምፅ መቅዳት ማለት፣ ክቡርነትዎ፣ ዝም ማለት ነው። እኔ ስቀዳ ባለቤቴ ለማስነጠስ እንኳ በእጁ ፈቃድ ይጠይቃል። በዚህ ሕንፃ ከእኛ ቤት የባሰ ፀጥ ያለ ቢኖር ተከራይ ያጣው ብቻ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው።

ቅሬታዎቼን ኮሚቴው በሚወደው መንገድ፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. የውሃ መሳቢያውን ሞተር ከመኝታ ቤቴ ግድግዳ ጋር አጎራብተው ስላስተከሉልኝ አመሰግናለሁ። በእርሱ ምክንያት ሙያ ተምሬያለሁ። ከተቀዳው ላይ ማንም የማይናገርበትን፣ ሞተሩ ብቻ የሚያጉረመርምበትን ትንሽ ክፍል መርጬ ለፕሮግራሙ ሳስተዋውቀው፣ ፕሮግራሙ ያንን ድምፅ ለይቶ ያውቅና ከቀረው ሁሉ ላይ ይጠርግልኛል። ሞተሩም፣ ማቀዝቀዣውም፣ የጎረቤቴ የልብስ ስፌት መኪናም በዚሁ መንገድ ተሰናብተዋል። የቀሩት እርስዎ ነዎት።

፪ኛ. ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ቁም ሣጥኑ ውስጥ የተቀመጡት አባቴ ነበሩ። አባቴ ዕድሜያቸውን በአውቶቡስ መናኸሪያ መንገደኛ ሲጠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ከአንዱ ጫፍ ሲጠሩ በሌላው ጫፍ ሻንጣውን ተንተርሶ የተኛው ብድግ ይል ነበር፤ ያውም ያለ ማጉያ። አሁን ያ ድምፅ ሻክሯል። የፊታችን ሰኞ በቀዶ ጥገና ማንቁርታቸው ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ በገዛ ድምፃቸው እንደማይናገሩ ሐኪሙ ነግሮናል። እኔ ደግሞ፣ በደረጃው ላይ ሲያልፉኝ አስተውለው ከሆነ፣ ነፍሰ ጡር ነኝ። የምወልደው ልጅ የአያቱን ድምፅ የሚሰማው እኔ ከቀዳሁለት ብቻ ነው። ስቀልድ የኖርኩ ሰው ብሆንም ይህ ነገር ያስፈራኛል፤ ሌሊት ሌሊት ያስለቅሰኛልም።

አባቴ የሚናገሩትን ሲያሰላስሉ ሰንብተው፣ ጉሮሯቸውን አጥርተው እንዲህ ጀመሩ፦ «ልጄ፣ አያትህ ነኝ። በዚህ ዓለም ስትኖር ከሁሉ በላይ እንድትይዝልኝ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እሱም…» ይህን ጊዜ ከላይ የእርስዎ ድምፅ ወረደ፦ «ቆሻሻ በመስኮት መጣል በጥብቅ የተከለከለ ነው!»

አባቴ በጫጫታ መሃል መናገር የለመዱ ናቸውና አላቋረጡም። ድምፃቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ ምክራቸው ከእርስዎ ማስታወቂያ ሥር ተቀበረ። ይድገሙልኝ ብላቸው ሳል ያዛቸው፤ የዚያን ቀን አቅማቸው እዚያው አለቀ። ምን እንዳሉ ለእኔ ይንገሩኝ ብላቸው ደግሞ «ለእሱ የተባለ ነው፤ አንቺ ምን ቤት ነሽ?» አሉኝ። እንግዲህ እስከ ዛሬ ድረስ ልጄ ከአያቱ የሚወርሰው ብቸኛ ምክር ቆሻሻ በመስኮት እንዳይጥል ነው።

፫ኛ. ከተቀዳው ላይ ላጠፋዎት ያላደረግሁት ጥረት የለም። ሆኖም ፕሮግራሙ ሞተርን ከሰው ይለያል እንጂ፣ ሁለት የሰው ድምፅ ሲደራረብበት የቱን አስቀርቶ የቱን እንደሚጥል አያውቅም። እርስዎን በደመሰስኩ ቁጥር አባቴም አብረው ይጠፋሉ። ከማቀዝቀዣው ጎን ላሰልፍዎት ብዙ ለመንኩት፤ እሱ ግን ሰው ናቸው ብሎ አሻፈረኝ አለ። በነፃ የተገኘ ነገር ጉድለት አያጣም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው የፊታችን ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እስከ ማምሻው ድረስ ማጉያዎ እንዲያርፍ ነው። አባቴ ዳግመኛ ይሞክራሉ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ቅዳሜ የላቸውም። ሐኪሙ እስከዚያ ድምፃቸውን እንዲቆጥቡ ስለመከራቸው ሳምንቱን በዝምታ ይዘውታል። ትናንት በደረጃው ላይ አንገታቸውን ብቻ ዝቅ አድርገው ያለፉዎት ስለናቁዎት አይደለም። ለእርስዎ የሚገባውን ሰላምታ ለልጄ እያስቀመጡለት ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላልና፣ ይህን ሁሉ ሕንፃው ሲያወራው እርስዎ ብቻ ሳይሰሙ እንዳይቀሩ ብዬ ጻፍኩ። ሳንባዎ ይሰንብት፤ የማጉያዎ ባትሪ ግን እንደ ፈቃዱ።

ከማይነቃነቅ አክብሮት ጋር፣
ከእግርዎ ሥር የምትኖረው
የቁም ሣጥኑ ጣቢያ ኃላፊ

ማሳሰቢያ፦ ያን ዕለት መቅጃውን ወዲያው አላጠፋሁትም ነበር። ማስታወቂያዎ እንዳበቃ አንድ ከረጢት በመስኮቴ በኩል ቁልቁል ሲያልፍና ግቢው ላይ ሲፈርጥ ጥርት ብሎ ተቀድቷል፤ በመንገዱ ያንጠባጠበው የሽንኩርት ልጣጭም መስኮቴ ላይ ያሰጣሁት አንሶላ ላይ ቀርቷል። ከእኔ በላይ እርስዎ፣ ከእርስዎ በላይ ጣሪያው ብቻ ነው ያለው። ይህ ድምፅ ከአባቴ ድምፅ ጋር ስላልተደራረበ ለመቁረጥ በጣም ቀላል ነው። ሆኖም ቅዳሜ እስኪያልፍ አልቆርጠውም። አክስቶቼ እየጠበቁ ነው፤ እነሱ ደግሞ ወሬ ለማዳረስ ማጉያ አያስፈልጋቸውም።