ኮምፒውተር በዕድሜ ቅደም ተከተል ለገዛው ኮሚቴያችን

ለተከበራችሁ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ አባላት፣
በየፎቃችሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ የጉልበታችሁን፣ የወገባችሁንና የደም ግፊታችሁን ደኅንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ደረጃችን ለማንም አያዝንምና ከነሙሉ ጤናችሁ ወደ ላይም ወደ ታችም ያመላልሳችሁ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ አራተኛ ፎቅ በግራ በኩል የምኖረው፣ በስብሰባችሁ ላይ ነገሬ ሲነሳ "ያቺ ምላሰ ረጅም" የምባለው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነኝ። ደኅና ነኝ። ምላሴም ደኅና ነው።

ይህን ደብዳቤ በመግቢያው ሰሌዳ ላይ፣ "ቆሻሻ በመስኮት መወርወር ክልክል ነው" ከሚለው ማስታወቂያ ጎን ለመለጠፍ የደፈርኩት ምስጋናዬ በበር ሥር ተንሸራትታ የምትገባ ትንሽ ምስጋና ስላልሆነች ነው። ከደረጃው ሥር ላለችው የንባብ ክፍላችን ኮምፒውተር ገዝታችሁልናል፤ ያክብርልን። የገዛችሁበት ጥበብ ግን በአራት ሰው መካከል ተደብቆ መቅረት የለበትምና፣ ነገሩን ላልሰሙ ነዋሪዎች ከሥሩ ላስረዳ።

ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው የክፍል ጓደኛዬ ዓይነ ስውር ናት። የትምህርት ቤታችን መጻሕፍት የታተሙት ደግሞ ለሚያይ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ እኛ የሕንፃው ልጆች ተራ ገብተን መጻሕፍቱን ጮክ ብለን እናነባለን፣ ድምፃችንን በኮምፒውተር እንቀርጻለን፣ እሷም በጆሮዋ ታጠናለች። ኮምፒውተሩንም ራሷ ትሠራበታለች፤ የተጻፈውን በድምፅ የሚያነብላት ፕሮግራም አላት። አሮጌው ማሽናችን ሳያመው ሳናስታምመው አረፈ። የመጨረሻው ፈተና ደጃፍ ላይ ቆሟል፤ ኬሚስትሪና ታሪክ ገና አልተነበቡም። እናንተም ይህን ሰምታችሁ አዘናችሁ፣ ከየቤቱ አዋጣችሁ፣ ሱቅ ሄዳችሁ ገዛችሁ። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ያማረ ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያቆም ነበር።

እሷና እኔ የሚያስፈልገንን በግማሽ ገጽ ጽፈን ሰጥተናችሁ ነበር። ድምፅ የማያሰማ ማሽን፣ ፈጠን ያለ ፕሮሰሰር ከበቂ ሚሞሪ ጋር፣ ቅጂዎቻችንን የሚይዝ ሰፊ ማከማቻ፣ በጣት የሚለይ ኪቦርድ። ስክሪን አያሳስባችሁ፣ አሮጌው ይበቃናል ብለንም ጨምረን ነበር። ዕድሜያቸውን በትምህርት ቤት ኃላፊነት ያሳለፉት እትዬ ዳይሬክተር ወረቀቱን ተቀብለው "የእጅ ጽሑፋቸው ያምራል" አሉና ፋይል ውስጥ አስገቡት። ሊቀ መንበሩም "ልጅ ምን ያውቃል፣ የሚበጃቸውን እኛ እናያለን" ብለው ስብሰባውን ከፈቱ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር፣ ጆሮዬም ከምላሴ ስለማያንስ፣ ቀሪውን ከኮሪደሩ ሆኜ ተከታትያለሁ።

ማንም ቅር እንዳይለው፣ የኮምፒውተሩ ዕቃዎች ለአባላቱ በዕድሜ ተደለደሉ። ታላቅ ትልቁን ዕቃ ይመርጣል፣ ታናሽ ትንሹን። ከሁሉ የሚገዝፈው የውጪው ሳጥን ነውና ለሊቀ መንበሩ ለጋሽ ሾፌር ደረሰ። ስክሪኑ ለእትዬ ዳይሬክተር፣ ኪቦርዱ ለልብስ ሰፊያችን ለጋሽ ልክ ሆነ። ፕሮሰሰሩ ከክብሪት ቀፎ ስለማይበልጥ፣ ሚሞሪውም ማስቲካ ስለሚያህል፣ "ይቺንማ ልጅቷ ትምረጣት" ተባለ። ልጅቷ ማለት ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ነርስ ናቸው። የመጀመሪያ ልጃቸውን ድረዋል፤ በኮሚቴው ዘንድ ግን ገና ልጅቷ ናቸው። በግዢው ቀን ሆስፒታል ተረኛ ስለነበሩ አልተገኙም። እንዲህ ሆኖ የማሽኑ ጭንቅላት ምንም ሳይመረጥ፣ ከሳጥኑና ከስክሪኑ በተረፈው ገንዘብ የሚገኘው ሁሉ ተደረገ። ሰው ቤት ሲሠራ በሩን አስጊጦ መሠረቱን በተረፈው ድንጋይ እንደሚጨርሰው ማለት ነው።

አሁን ወደ ዝርዝር ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፤ ክቡር ሊቀ መንበር ጋሽ ሾፌር ሆይ፣ ዕድሜዎን ሙሉ አገር አቋራጭ አውቶቡስ የነዱ ሰው ዕቃ ሲመርጡ ማየት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ሳጥኖቹን አንድ በአንድ በጣትዎ አንጓ እያንኳኩ "ይሄ ቆርቆሮው ስስ ነው፤ ይሄኛው ዳገት አይወጣም" ሲሉ ሻጩ እንኳ ሊከራከርዎ አልደፈረም አሉ። በመጨረሻም ሰባት ማራገቢያ ያለው፣ ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚያብለጨልጭ ሳጥን አመጡልን። ሲበራ ክፍሏ ከመሬት ተነስታ የምትሄድ ይመስላል። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ እኛ በዚያች ክፍል የምንሠራው ድምፅ መቅረጽ ነው። የባዮሎጂውን ምዕራፍ ቀርጸን ስንሰጣት ጓደኛዬ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጠችና "ጎበዞች ናችሁ፤ ይሄን ያነበባችሁት በየትኛው በረራ ላይ ነው?" አለችን። ድምፁን ለማፈን ብርድ ልብስ ብናለብሰው ጋለና ራሱን አጠፋ። እርስዎ ዘንድ አቤት ስንል ደግሞ "ሞተር ካልጮኸ ቆሟል ማለት ነው፤ እናንተ ልጆች ስለ ሞተር ምን ታውቃላችሁ" አሉን። እውነትዎን ነው። በአውቶቡስዎ ላይ ኬሚስትሪ የሚቀርጽ ተሳፋሪ ግን ገጥሞዎት አያውቅም።

ሁለተኛ፤ ክብርት እትዬ ዳይሬክተር ሆይ፣ የመረጡት ስክሪን የክፍላችንን አንድ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። እሱን ለማስገባት የመጽሐፍ መደርደሪያውን ወደ ኮሪደር አውጥተነዋል፤ የንባብ ክፍሉ አሁን መጽሐፍ የለውም እንጂ ስክሪን አለው። "ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ ሁሉ ማየት አለበት" ማለትዎን ሰምቻለሁ፤ ዘመንዎን ሁሉ ከኋላ ለተቀመጡት ሲጨነቁ የኖሩ ሰው ነዎትና አልፈርድብዎትም። ነገር ግን ክፍሏ ሁለት ወንበር ስለማታስገባ ከኋላ የሚባል ነገር የላትም፤ ከፊት የምትቀመጠዋም ጓደኛዬ ናት። እሷም ቅሬታ የላትም። "ፊቴን ያሞቀኛል፣ አመስግኝልኝ" ብላለች፤ አድርሻለሁ።

ሦስተኛ፤ ጋሽ ልክዬ፣ እጅዎ የተባረከ ነው፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን አጥብበው ሰው ያስመሰሉኝ እርስዎ ስለሆኑ ይህንን የምጽፈው እየተሳቀቅሁ ነው። ሱቁ ውስጥ የነበሩትን ኪቦርዶች ዓይንዎን ጨፍነው እንደ ጨርቅ ዳሰሷቸው፤ በሁሉም ላይ፣ በሁለት ቁልፎች ላይ ብቻ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጥ ጉብታ አገኙ። "ቋጠሮ አለው፤ ሥራው አላለቀም" ብለው ሁሉንም መለሱ። ሻጩ ከመጋዘኑ ጉብታ የሌለው፣ እንደ ሐር የሚንሸራተት አንድ ኪቦርድ ፈልጎ እስኪያመጣልዎ ድረስም ከወንበርዎ አልተነሱም። ጋሽዬ፣ ያቺ ጉብታ የጣት ማረፊያ ናት። የማያይ ሰው እጁን ከየት እንደሚያስጀምር የሚያውቀው በእሷ ነው። ያን ቀን ከነበሩት ሰዎች ሁሉ ያቺን ጉብታ በጣቱ ያገኛት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ አግኝተው ጣሏት። እኔ በሁለቱ ቁልፎች ላይ የጥፍር ቀለም አንጠብጥቤ ምልክት ሠርቼላት ነበር። በማግሥቱ ሲያልፉ አዩትና "ማነው አዲስ ዕቃ የሚያቆሽሽ?" ብለው በጥፍርዎ ፋቁት። ስለ ንጽሕናዎ በጓደኛዬ አሥር ጣቶች ስም አመሰግናለሁ።

አራተኛ፤ ለነርሷ ምስጋናም ወቀሳም የለኝም፤ የሌለ ሰው አይታማም። ስለ ፕሮሰሰሩ ግን ዝም ማለት አልችልም። ጓደኛዬ አንድ ቁልፍ ትጫናለች፤ የሚያነብላት ድምፅ ከእንቅልፉ ተነስቶ፣ ተንጠራርቶ፣ ፊቱን ታጥቦ ይመልስላታል። "ፋይሉ ተከፍቷል" እስኪላት ድረስ ፋይሉን ለምን እንደፈለገችው ትረሳለች። ማከማቻውም ጠባብ ስለሆነ አዲስ ምዕራፍ በቀረጽን ቁጥር አሮጌ ምዕራፍ እናጠፋለን። ፈተናው ግን ከሁለቱም ነው የሚወጣው።

አምስተኛው ቅሬታ ሳይሆን ዜና ነው። ባለፈው ሰሞን እሷና እኔ ራሳችን ሱቁ ሄድን። እሷ መዳፏን በየሳጥኑ ላይ እያሳረፈች፣ ጆሮዋን እያስጠጋች ዞረች። ጥግ ላይ፣ ከባንኮኒው ሥር፣ አቧራ የለበሰ ጥቁር ሳጥን ጋ ስትደርስ ቆም አለችና "ይሄኛው በርቷል እንዴ?" ብላ ጠየቀች። በርቶ ነበር። ሻጩ ቀኑን ሙሉ የሚሠራበት የራሱ ኮምፒውተር ነው። ለራስህ ይሄን ገጥመህ ለእኛ ያን የሸጥክልን ለምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው፣ "እኔ ምን ላድርግ እህቴ? ምን ልትሠሩበት ነው ብዬ ብጠይቅ፣ ትልቁ ሰውዬ 'አንተ ዕቃህን አሳየን፣ ሥራችንን አትጠይቀን' አሉኝ" አለኝ። እንግዲህ ኮምፒውተር አመራረጥ የሚባለው ትምህርት በሙሉ ያቺ ጥያቄ ናት፤ እሷንም ሻጩ ጠይቋችሁ፣ እናንተ ተቆጥታችሁታል።

ሰውየው ግን ደግ ነው። እስከ ዓርብ ድረስ ሳጥኑን፣ ስክሪኑንና ኪቦርዱን ብትመልሱ እንደ ራሱ ያለ ጸጥተኛ ማሽን ሊገጥምልን፣ ጉብታ ያለው ኪቦርድ ሊሰጠን፣ በስክሪኑ ፈንታም ደኅና ፕሮሰሰር፣ ሚሞሪና ማከማቻ ሊያደርግበት ተስማምቷል። አንድ ሳንቲም አይጨመርም። የገዙት ሰዎች መጥተው መፈረም ብቻ አለባቸው። ይህንን ለጋሽ ሾፌር ስነግራቸው "ሽማግሌ የመረጠው ዕቃ ሲመለስ ታይቶ አይታወቅም፤ ሰው ምን ይለናል?" አሉኝ።

ጭንቀታችሁ ይገባኛል፤ ስለዚህ ክብራችሁን የሚያስጠብቅ ሐሳብ ይዤ መጥቻለሁ። በአዲሱ ማሽን ላይ ስማችሁን እንለጥፋለን። በጸጥተኛው ማራገቢያ ላይ የጋሽ ሾፌር ስም ይሁን፤ ስማቸውና ጸጥታ አንድ ቦታ ላይ ሲገናኙ ይህ የመጀመሪያው ይሆናል። በፕሮሰሰሩ ላይ የእትዬ ዳይሬክተር ስም ይሁን፤ በማሽኑ ውስጥ ያለ ሁሉ ከእሱ ፈቃድ ውጪ አይንቀሳቀስምና ከለመዱት የዳይሬክተርነት ሥራ አይርቁም። ጉብታ ባለው ኪቦርድ ላይ የጋሽ ልክ ስም ይሁን፤ አግኚዋ እሳቸው ናቸው። ለነርሷ "ልጅቷ" መባሉ ቢቀርላቸው ከሐውልት ይቆጠርላቸዋል። በሐሙሱ ስብሰባችሁ ላይ ደግሞ ለጓደኛዬ አንድ ወንበር ይሰጣት። ዕድሜዋ አሥራ ሰባት ስለሆነ በእናንተ ደንብ መሠረት የሚደርሳት አንዲት ብሎን ናት። ብሎኗን ትውሰድ፤ ግን ትናገር።

አንድ ነገር ሳልቀልድ ልጨምር። እኛ ይህን ፈተና ብንወድቅ "ሰነፎች" እንባላለን፣ ሁለተኛ እንፈተናለን፣ ያልፋል። እሷ ብትወድቅ ግን ሰነፍ አይሏትም፤ "ድሮም ምን አስለፋት" ነው የሚሏት። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ እየሳቀች ነበር። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

ዕድሜያችሁ እንዲረዝም፣ ስብሰባችሁ እንዲያጥር፣ ፊርማችሁም ከዓርብ በፊት ወረቀት ላይ እንዲያርፍ እየተመኘሁ፣ "ከእግራችሁ ሥር ዝቅ ብዬ" ብዬ ልፈርም ስል አራተኛ ፎቅ፣ ከሁላችሁም በላይ መሆኔ ትዝ ስላለኝ፣ ባለሁበት ሆኜ ዝቅ የምል፣

አክባሪያችሁ፣
ምላሰ ረጅሟ፣
አራተኛ ፎቅ በግራ በኩል

ማሳሰቢያ፦ ዓርብ ፊርማው ካልተገኘ መጻሕፍቱ መነበባቸው ስለማይቀር፣ ጓደኛዬ ከቅዳሜ ጀምሮ ማታ ማታ በየሳሎናችሁ እየተገኘች እናንተው በአፋችሁ እንድታነቡላት ወስናለች። ኬሚስትሪው ከጋሽ ሾፌር ቤት ይጀመራል። ያልገባትን አስቁማ ትጠይቃችኋለች፤ የገባትን ደግሞ ትፈትናችኋለች።