መኪናዬን የሚገፉልኝ ሰዎች

ህዳር 8
ዛሬም ተገፋን። ከሱብሂ ሶላት በኋላ ክላክሱን ሁለቴ ነካሁት። መጀመሪያ ሙሀመድአሚን ወጣ፣ የልብስ ሰፊ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ። ሰልማን ባጃጁን አቁሞ መጣ። ከዳቦ ቤት ሁለቱ ጋጋሪዎች፣ ዱቄት በዱቄት ሆነው።
"አካም ቡልቴ፣ ሸምሱ! ዛሬም እንቢ አለች?" አለኝ ሙሀመድአሚን።
"እንቢ አለች።"
"ወላሂ፣ ይቺስ አማት ናት።"
ሳቅ ሆነ። ከዚያ "ቢስሚላህ! ዺባ! ዺባ!" ግፉ፣ ግፉ... ቁልቁለቱን ስትጀምር በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ። ተነሳች። አንዴ ከተነሳች መንዳት ነው፣ ወርዶ ማመስገን የለም። በስፖኪዮ አየኋቸው፣ እጃቸውን እያራገፉ ሲመለሱ።
ከጨፋ ሮቢት ማሽላ ጭኜ አመጣሁ። ሜዳ ላይ ከጠፋች ማን ይገፋታል? ሞተር ሳላጠፋ ዋልኩ። ናፍጣውን ጠጣችው። ማታ ቁልቁለቱ አናት ላይ አቁሜ ከጎማው ስር ድንጋይ አደረግኩ። ቤት ገብቼ ሽሮ ሠራሁ። አረረ። በላሁት።

ህዳር 11
ሚስቴ ዘሃራ ከአዳማ ደወለች። የልጃችን የሰብሪና ልጅ ዳዴ ጀምሯል።
"መቼ ትመጪያለሽ?"
"እስኪቆም ልጠብቅ እንጂ። እሷ ሥራ ስትውል ማን ይይዘዋል?"
ዘሃራ ስትሄድ ሰብሪና አራስ ቤቷን እስክትጨርስ ነበር። ቀጥሎ ልጁ እስኪቀመጥ። አሁን እስኪቆም። ከዚያ እስኪዳር ነው መቼም! ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ተናደድኩ። ሰው በልጅ ልጁ ይቀናል? ይቀናል። እኔ ቀናሁ።

ህዳር 14
ሙስዐብ ጋራዥ ዋልኩ። የገዛሁትን ሌላ ሞተሪኖ፣ ማስነሻውን፣ ገጠመው፣ ቁልፍ አዞርኩ... ግርርር ብሎ ፈጨ። እንደ በፊተኛው። አወረደው።
"አያ ሸምሱ፣ ሞተሪኖው ምንም አላጠፋ። ቮላኖው ነው የዚህች መኪና ያልሆነው።"
እውነቱን ነው። ያኔ ፍሪሲዮኑ ሲቃጠል ከሌላ መኪና የወጣ ቮላኖ ነው ያስገባሁት። ከሞተሩ ኋላ ያለው ከባድ ክብ ብረት፣ ዙሪያውን ጥርስ ያለው። ሞተሪኖው በትንሿ ጥርሱ እሱን ይዞ ነው ሞተሩን የሚያዞረው። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ የመኪናዋን ስም እየጠራሁ ሞተሪኖ እገዛለሁ። ስሙ ይገጥማል፣ ጥርሱ አይገጥምም።
ሙስዐብ የልብስ ሳሙና በውኃ አለሰለሰ። በሞተሪኖው ቀዳዳ አስገብቶ ቮላኖው ላይ ጫን አደረገው። ሲያወጣው ጥርሶቹ ቁልጭ ብለው ታትመዋል።
"ይሄን ይዘህ ኮምቦልቻ ሂድ። ስም አትጥራላቸው። ሳሙናው ላይ ልክ የተቀመጠውን ሞተሪኖ አምጣልኝ። ማሰሪያው ካልገጠመ እኔ አበጀዋለሁ።"
በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ህዳር 16
ኮምቦልቻ አልሄድኩም። ጭነት ነበረብኝ።

ህዳር 19
ኮምቦልቻ ጭነት አድርሼ መጣሁ። ሳሙናው ኪሴ ውስጥ ነበር። በመለዋወጫ ሱቆቹ ፊት ለፊት አለፍኩ። አልቆምኩም። ሞተር ማጥፋት አልችልማ... ከጠፋች ማን ይገፋታል? ኮምቦልቻ ሰው ጠፍቶ ነው? ሰበብ ነው።
ሙስዐብ ሲጠይቀኝ "ዝግ ነበሩ" አልኩት። ሁሉም? ሁሉም።

ህዳር 22
ጁምዓ። ጭነት ስላልነበረ መኪና አላወጣሁም። ክላክስ ስላላደረግኩ ማንም አልመጣም። ለምንስ ይመጣሉ? ከመስጊድ ስንወጣ ሁሉም ሰላም ብሎኝ ወደየቤቱ፣ ወደየልጆቹ። እኔም ወደ ቤቴ። ከሰዓት በኋላ ከአንድም ሰው ጋር አላወራሁም። አመሻሹ ላይ ሬዲዮኑ ሲንኮሻኮሽ ሰደብኩት፤ ድምፄ ሻክሮ ነበር።
እዚህ ማንም አያነበውምና ልጻፈው። ያቺ መኪና በቁልፍ ከተነሳች ጠዋት በሬ ላይ የሚመጣ ሰው አይኖርም። ቀኑን ሙሉ የምስቀው ያኔ ብቻ ነው።

ህዳር 23
ጀለቢያዬን አጠብኩ። በዚያ ሳሙና። ቤት ውስጥ ሌላ ሳሙና ነበር። ጥርሶቹ በእጄ ላይ እየለሰለሱ ጠፉ።
ለሙስዐብ "ረስቼ አጠብኩበት" ልለው ነው። እሱም እስኪበቃው ይስቅብኛል። ይሳቅ።

ህዳር 29
ያ አላህ...
ጠዋት እንደ ሁልጊዜው ገፉኝ። ሌሊት አካፍቶ መሬቱ ያዳልጥ ነበር። ሞተሩ ተነሳ። በስፖኪዮ ሳይ ሦስቱ ቆመዋል። አንዱ አልተነሳም።
ፍሬን ያዝኩ። ሞተሩ ጠፋ። ይጥፋ። ሮጬ ስመለስ ሙሀመድአሚን ጉልበቱን ይዞ መሬት ላይ። አንሸራትቶት ድንጋይ ላይ ወድቋል። ፊቱ አመድ መስሏል። "ምንም አይደል፣ ምንም አይደል" ይለኛል፤ እኔን ሊያጽናና! ሰልማን በባጃጁ ሐኪም ዘንድ ወሰደው። አልተሰበረም፣ አልሀምዱሊላህ። ጅማቱ ግን ተጎድቷል፤ እግሩን እንዳያንቀሳቅስ ተባለ።
ቀኝ እግሩ ነው። የስፌት መኪናውን የሚረግጥበት።
በሳሙናው ባላጥብበት ኖሮ ዛሬ የስፌት ሱቁ ክፍት ይሆን ነበር።

ታህሳስ 1
ሄጄ ልጠይቀው አልቻልኩም። በሩ ድረስ ደርሼ ተመለስኩ። ምን ብዬ ልግባ? ብርቱካን በሰልማን ላክሁለት። ሱቁ እንደተዘጋ ነው።
ሙስዐብ ጋር ሄድኩ። "ሌላ ሳሙና አትምልኝ።" ዓይን ዓይኔን አየኝና ሳሙና ሊያለሰልስ ገባ።

ታህሳስ 3
በሚኒባስ ኮምቦልቻ ሄድኩ። መኪናዋን ይዤ ብሄድ ሰበብ አላጣም ነበር። የመጀመሪያው ባለሱቅ "የምን መኪና ነው?" አለኝ። ሳሙናውን አስቀመጥኩለት። ሳቀ፣ ግን ሞተሪኖዎቹን አንድ በአንድ ሞከረልኝ። አልሆነም። ሌላ ሱቅ፣ ከዚያም ሌላ... ፀሐይ ልትገባ ስትል የአንዱ ጥርስ ሳሙናው ውስጥ ቁጭ አለ። አልነቃነቅም አለ። ከባለሱቁ ጋር ተያየን።
እንደ ሕፃን አቅፌው ተመለስኩ።

ታህሳስ 5
ገጠመ። ሙስዐብ ማሰሪያውን በጥቂቱ ሞረደው፣ አሰረው። "በል አዙር።" አዞርኩ። ባንዴ ተነሳች! አጠፋኋት። እንደገና። አጥፍቼ እንደገና። ሙስዐብ "በቃ፣ ባትሪውን ልትጨርሰው ነው" አለኝ። ዘሃራ ጋ ደውዬ ድምፁን አሰማኋት። "ማሻአላህ! እንግዲህ የትም መቆም ትችላለህ" አለች። እውነት ነው።

ታህሳስ 6
ሱብሂ ሰገድኩ። ቁልፍ አዞርኩ። ተነሳች። ሄድኩ። ሰልማን ባጃጁን እያጠበ እጁን አነሳልኝ። የዳቦ ቤቱ ሰዎች ቀና እንኳ አላሉም። በስፖኪዮው ባዶ መንገድ።

ታህሳስ 10
ተነሳች። ሄድኩ። ተመለስኩ።

ታህሳስ 13
ጁምዓ። ቤቴ ተቀምጬ ግድግዳ ሳይ ዋልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሳሁ። ይብቃ። ሙሀመድአሚን ቤት ሄጄ አንኳኳሁ። ባዶ እጄን። ሚስቱ ሙሚና ከፈተች። ደነገጠች።
"አያ ሸምሱ! እንቢ አለች እንዴ? እሱ እኮ እግሩ ገና ነው..."
"የለም፣ የለም። መኪናዋ ደህና ናት።"
"ታዲያ ምን ልታዘዝ?"
ምን ይባላል? ጎረቤቴ ሆና ስንት ዘመን፣ ያለ ጉዳይ በሯን አንኳኩቼ አላውቅም።
"ምንም። እንዲሁ ነው የመጣሁት።"
ከውስጥ የእሱ ድምፅ፦ "ማነው?"
"አያ ሸምሱ ነው።"
"ምን ፈልጎ?"
"እንዲሁ ነው አለ።"
ልመለስ እግሬን አነሳሁ።
"ታዲያ በር ላይ ምን ያቆመዋል? ኮቱ፣ ሸምሱ! ግባ!"
ገባሁ። እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ በእጁ የሸሚዝ ቁልፍ ይተክላል። ጨርቁን ሰብስቦ ቦታ ለቀቀልኝ። የስፌት መኪናውን ከመጪው ሳምንት ጀምሮ ቀስ እያለ እንዲረግጥ ተፈቅዶለታል። ስለ ማሽላው አወራን፣ ስለ ጉልበቱ፣ ከዚያ ወሬ አለቀ። ወሬው አልቆም ተቀምጬ ነበር። እሱም ይሰፋል። አንዴ "መርፌዋ ውስጥ ክር አስገባልኝ፣ ዓይኔ ደክሟል" አለኝ። የእኔም ዓይን ደህና አይደለም፤ ብዙ ታገልኩ፣ ገባ።
ስወጣ ነገም ና አላለኝም። እሄዳለሁ።