ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ሄዱ

ልጄ ሲፈን፣ ያለሽበት አገር ብርዱ አይንካሽ፤ ጌታ በክንፉ ይጋርድሽ። አዳማ ሙቀቱ ብሶበታል፣ እኛ ግን ደህና ነን።

ቅዳሜ አጎትሽ ኢተፋ ከአንድ የመቂ ሽንኩርት ነጋዴ ቤት የተላኩ ሽማግሌዎች ይዞ መጣ፤ ልጅሽን ለልጃችን ብለው። እሺ እስክል አንቀመጥም ብለው ቆሙ።

«ዘርፉ፣ ኢንዛይም እኮ ባል አይሆንም! ጥናቱን ትተሽ ነይ በያት» አለኝ አጎትሽ።

«ቁርስህን ሆድህ ውስጥ የሚፈጨው ማን ሆነና! ልጄ የኢንዛይሙን ቅርፅ፣ ምን እንደሚያስነሳውና ምን እንደሚያስቆመው እያጠናች ነው። ሳትጨርስ አልጠራትም» አልኩት። ትተሽ የሄድሻቸውን ደብተሮች አንድ በአንድ ማንበቤን የት ያውቃል!

ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ሄዱ። እሱም ተቀይሟል፤ ይቀየም።

አንቺ ብቻ የዚያን ኢንዛይም ሥዕል ላኪልኝ። ሳሎን ውስጥ፣ ለሰርግሽ ፎቶ ባዶ በተውኩት ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ።

እናትሽ ዘርፉ