ግማሽ እንጀራና የግራዝማቹ ማር

ጥቅምት ፳፩ ቀን። ዛሬ ጠዋት ከግራዝማቹ ቤት አንድ ገንቦ ማር መጣ።

አያ ታምሩ፣ ከተለየኸኝ ወር ሊሞላ ነው። አባቴ ፊደል ያስቆጠረኝ ለሙት ልጽፍበት ኖሯል። ማሩ ለተዝካርህ ጠጅ ነው አሉ። ይዞት የመጣው አሽከር «ጌታዬ ሐዘናችሁ ሐዘኔ ነው ብለዋል» አለና ደጃፍ አስቀምጦት ሄደ። እስካሁን እዚያው ነው። ጉንዳን ከቦታል።

ጉንዳኑን ሳይ የአምናው ክረምት ትዝ አለኝ። ከአጥር ጀርባ በሸናህበት ላይ እንዲሁ ይሰፍር ነበር። ውኃ በእንስራ ጠጥተህ አትረካም፤ መታጠቂያህ በየሳምንቱ ይሰፋሃል። ማርቆስ ከተማ ወሰድኩህ። የጣልያኑ ሐኪም በአስተርጓሚ ስኳር ደምህ ውስጥ ገብቷልና እንጀራ፣ ዳቦ፣ ጠላ፣ ጠጅ ተው አለህ። አንተም «ስኳሩን ያመጡት እነሱ፣ የገባው በእኔ ደም!» ብለህ አስተርጓሚውን ሳይቀር አሳቅኸው። በመንገድ ግን አልሳቅህም። «እህል ተው ከሚለኝ መቃብርህን ማስ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር» አልከኝ።

እኔ ተው አላልኩህም፤ ቀንስ ነው ያልኩህ። እንጀራህን ከሁለት ገመስኩት። የቀረውን ቦታ በጎመን፣ በአይብና በእንቁላል ሞላሁት፤ በጾም ጊዜ ጎመኑን አበዛሁ፣ ሱፍ አከልኩበት። ጠላ የእሁድ ብቻ ሆነ፣ እሱም አንድ ዋንጫ። በኑግ የተለወሰ የገብስ ቂጣን ግን መተው እንደማይሆንልህ አውቃለሁ፤ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ጉርሻ ፈቀድኩልህ። ሦስተኛውን ስታላምጥ ዓይንህን ትጨፍን ነበር። አንዳንዴ አራተኛ ትሰርቃለህ፤ አይቼ እንዳላየ እሆናለሁ። ለፋሲካ ጥምህ በረደ። ሞፈር መጥረብ ጀመርክ። ጎረቤት «ታምሩን ሚስቱ በረሃብ ልትፈጀው ነው» እያለ ሲያማኝ፣ አንተ አጥር ላይ ወጥተህ «ጠግቤ ነው የማድረው፣ ወሬኛ ሁሉ!» አልክልኝ።

ልጃችን አለሙ ዱር ቤቴ ያለው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ግራዝማቹ እኛን የሚያይበት ዓይኑ ተለወጠ። ለጣልያን አድሮ አገር የሚገዛ ሰው የአርበኛን አባት እንዴት ያምናል?

ለመስቀል አገሩን ሁሉ ግብር ጠራ። እኔ ወጥ ከሚያቀርቡት ሴቶች ጋር ነበርኩ። ግማሽ እንጀራህን ጨርሰህ እጅህን ስትሰበስብ ግራዝማቹ አየህ።

«ታምሩ፣ እህላችንን ተጸየፍከው? ወይስ ልጅህ አትብላ ብሎ ልኮብሃል?»

እኔ ወጡን እንደያዝኩ «ጌታዬ፣ ታሟል፤ ሐኪም ከልክሎታል» አልኩ። «ዱር የሚያስገባ በሽታ ነው?» አለ። ሁሉም ሳቁ። ከሱ ቤት እህል ያልቀመሰ ጠላቱ ነው፤ የጠላቱ ቤት እንዴት እንደሚነድ ከወንዙ ማዶ አይተናል። አንተ ወደ እኔ አየህ፣ አፍህንም ከፈትክ። እሱም «በሞቴ» እያለ በእጁ አጎረሰህ። ሦስት ቀን አላስወጣህም። ሦስት ቀን ዳቦውን በላህ፣ ጠጁን ጠጣህ።

ስንመለስ «ቤቱ ይቁም» አልከኝ። ሳምንት ሳይሞላ ትንፋሽህ እንደ ጠጅ አተላ አምቡላ አምቡላ እየሸተተ፣ ስጠራህ ሳትሰማኝ ሄድክ። «በሞቴ» ያለህ እሱ እስካሁን አለ።

ቤቱ ቆሟል። ውስጡ ግን የለም። ባለፈው ሳምንት ግራዝማቹ ወታደር አስከትሎ መጣና ጎተራችንን ለጦሩ ስንቅ ብሎ ጠረገው፤ ሁለቱንም በሬዎች ነዳቸው። አንዳንድ ቀን እቆጣሃለሁ። የበላህለት ይኸው ነው፤ አራት ግድግዳና ክዳን።

አሁን ደግሞ ማር ላከ። የነፍስ አባታችን «ተቀበይው ልጄ፣ ካልተቀበልሽ ጠላቴ ነሽ ይልሻል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከተቀበልኩት ግን አገሩ በአንተ ተዝካር የሱን ጠጅ ይጠጣል፤ የታምሩ ቤት ከግራዝማቹ ጋር እህል ውኃ ተቀማመሰ ይባላል። አለሙም ዱር ሆኖ ይሰማዋል።

ተዝካርህን በአቅሜ አወጣለሁ። ጎረቤቶች ከደበቁት እህል ቁና ቁና ሰጥተውኛል። ለሁሉም ግማሽ እንጀራ፣ ጎመን እስኪጠግብ፣ ከኑግ ቂጣው ሦስት ጉርሻ። ምነው አነሰ ለሚለኝ፣ ታምሩ በልቶ የዳነበት ይህ ነው እለዋለሁ። እጄ ዛሬም ሳላዘው እንጀራውን ከሁለት ይገምሳል። ይህን እስካደረገ ድረስ አልተረሳህም።

ለጠላው የጀመርኩት ጌሾ ሙቀጫው ውስጥ በግማሽ ተወቅጦ ቀርቷል። ይቆይ። ጉንዳኑን አራግፌ ገንቦውን አዝዬ ልመልስለት ልውጣ፤ የግራዝማቹ በር ሳይዘጋ ልድረስ።